«ያዋጣል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ያሉን ጋሽ በለጠ

ጋሽ በለጠ ወንድይፍራው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ዳር ቶኔ በሚገኘው ሆስፒታል፣ ነርሷ መጋረጃውን ልትከፍት ስትገባ ዐርፈው ተገኙ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። የነገረችኝ ልጃቸው ሰላማዊት ናት። በስልክ «ጋሽ አያሌው፣ አባባ ሄደ» አለችኝ። ስልኩን ሁለታችንም ቶሎ አልዘጋነውም።

ቅዳሜ ቀበርናቸው። ከጄኔቫ፣ ከሎዛንና ከቨርሷ ብዙ ሰው መጣ። ከዙሪክ የመጡት አራት ናቸው። ሌሎቹ ለምን እንደቀሩ አውቃለሁ፤ እነሱም ማወቄን ያውቃሉ። ይህን የምጽፈው ለመጡትም ለቀሩትም ነው፤ ይልቁንም ለቀሩት። ቅር ያላችሁ ሰዎች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከዚያ በኋላ ብትፈርዱብኝም እቀበላለሁ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። አገር ቤት የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ እስከ ጡረታዬ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሳጸዳ ኖርኩ። ስለ ጋሽ በለጠ መጻፍ የሚገባቸው የተማሩ ወዳጆቻቸው ነበሩ። እነሱ ግን ጥቂት እንቆይ፣ ነገሩ ይብረድ አሉ። እኔ ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። ነገር እስኪበርድ የምቀመጥበት ጊዜ የለኝም።

ያወቅኳቸው ጄኔቫ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። ስለ ፐርሚዬ፣ ማለት ስለ መኖሪያ ፈቃዴ፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቶልኝ ትራም ፌርማታ ላይ አገላብጠው ነበር። ፈረንሳይኛውን ከየት ላምጣው። በፊት ያሳየኋቸው ሁለት ያገሬ ልጆች «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» ብለው መልሰውልኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሽበታም ሰው ጥቂት ካዩኝ በኋላ «ወንድሜ፣ የምታየው ጀርባውን ነው፤ የፊቱ ይብሳል፣ እስቲ ስጠኝ» አሉኝ። መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ትራሙ መጥቶ ሄደ፤ ሁለተኛውም ሄደ። ከዚያ ፊት ለፊት አዩኝና «የምሥራች የለውም። ፈቃዱን ከልክለውሃል፤ ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን ሰጥተውሃል። በሠላሳ ቀን ግን ብዙ ይሠራል» አሉኝ።

ያን ቀን ተናደድኩባቸው። ሰው እንዴት የማያውቀውን ሰው እንዲህ ያስደነግጣል አልኩ። በኋላ ሳስበው ግን ደህና ነው ያሉኝን አምኜ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልነበርኩም። ይግባኙን የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሦስት ጊዜ ጽፈው ሦስት ጊዜ ቀደዱት፤ አራተኛውን ፈረምኩ።

አገር ቤት ሳሉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የውጭ ብድር ክፍል፣ ባለሙያ ነበሩ። አገር ከውጭ ስትበደር ብድሩ ያዋጣል አያዋጣም ብሎ አጥንቶ የሚጽፍ ክፍል ነው አሉ። እዚህ ዲግሪያቸውን የሚቀበል ጠፋና በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠሩ። እኔ ከሥራ ቀደም ብዬ ስወጣ እዚያ ሄጄ እጠብቃቸው ነበር። ምድር ቤት ነው፤ እንፋሎቱ መነጽራቸውን ሲሸፍነው በአንሶላው ጫፍ ይጠርጉታል። አንሶላ ሲያጥፉ አራቱ ማዕዘን ካልገጠመ ፈትተው እንደገና ነው። ማን ያይልዎታል ስላቸው «የሚተኛበት ያየዋል» አሉኝ።

አንዲት ስዊዛዊት አሮጊት በየቀኑ እየወረዱ ሻርፔ ጠፋብኝ ይላሉ። ሻርፑ አንገታቸው ላይ ነው። ጋሽ በለጠ ማሽኑን አቁመው አብረዋቸው ይፈልጋሉ፤ ቅርጫቱን ያገላብጣሉ፣ መደርደሪያውን ያያሉ፣ እየፈለጉ ወደ መስተዋቱ ያደርሷቸዋል። ሴትዮዋ አንገታቸውን ሲያዩ «አገኘሁት» ይላሉ፣ እሳቸውም እንኳን ደስ ያለዎት ይላሉ። ለምን አይነግሯቸውም ብላቸው «ታፍራለች» አሉኝ።

ሰውን ማሳፈር እንደዚህ የሚጨንቃቸው ሰው ነበሩ። በመጨረሻ ራሳቸው ላይ ያደረጉትን ስነግራችሁ ይህን አስቡልኝ።

አሁን ወደ ፓርቲያችን ልምጣ። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። የስዊዘርላንድ ቅርንጫፋችን አንድ ጊዜ ጄኔቫ፣ አንድ ጊዜ ዙሪክ ይሰበሰባል። ድሮ ስብሰባው መጨረሻ አልነበረውም። ጋሽ በለጠ ናቸው ደንብ ያወጡለት። «እኛ አገር ንግግር የሚያልቀው ተናጋሪው ሲደክመው ነው፤ እዚህ ግን አዳራሹ የሚከራየው በሰዓት ነው» ብለው ለእያንዳንዱ አባል አምስት ደቂቃ መደቡ። ያልተናገረ ሰው አምስት ደቂቃውን እጁን አውጥቶ ለሌላ መስጠት ይችላል፤ ይህንም እሳቸው ናቸው የጻፉት። ሰዓት ያዥ እኔን አደረጉኝ። ብርጭቆና ማንኪያ ይዤ እቀመጣለሁ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ብርጭቆውን መታ አደርጋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሰዓት ስይዝ አንድም ቀን ተነሥቼ አልተናገርኩም።

ፓርቲውን የመሠረቱት ሰው ከስደት በፊት በመንግሥት ትልቅ ሹመት የነበራቸው ናቸው። ሁላችንም ፕሬዚዳንቱ ነበር የምንላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ዐረፉ። ከዚያ በኋላ እኛ መንገዱ እንደጠፋበት መንገደኛ ሆንን። ግማሹ አገር ቤት ገብተን እንመዝገብ ይላል፣ ግማሹ ከሌላ ፓርቲ ጋር እንዋሃድ ይላል። አንዱ ደግሞ ተነሥቶ ለመሆኑ ፓርቲ ነን ወይስ እድር ብሎ ጠየቀ። ጋሽ በለጠ ከኋላ ሆነው «እድር ብንሆንማ ደግ ነበር፤ እድር ቢያንስ ቀባሪ አያጣም» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

በዚህ መሐል የዙሪኩ ሊቀ መንበር አቶ ሰይፉ አዲስ ፕሮግራም ጽፎ አመጣ። ሰይፉ ሃምሳ ያልሞላው፣ ዙሪክ የተማረ መሐንዲስ፣ ለሰው የሚደርስ ልጅ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ፕሮግራሙ ስለ አገር ዕዳ ነው። አገራችን በውጭ ብድር ታንቃለች፤ አንዱ መሪ ተበድሮ ይሄዳል፣ የሚመጣው ያለፈውን እየረገመ እሱም ይበደራል፤ ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከእነዚህ ሁሉ መሐል በሥልጣን ዘመናቸው አንድም ብድር ያልፈረሙ፣ እጃቸው ንጹሕ የሆነ የእኛ ፕሬዚዳንት ብቻ ናቸው። ስለዚህ የፓርቲያችን መንገድ የእሳቸው መንገድ ነው፤ ሌሎች የፈረሙትን ዕዳም አናውቀውም። እንዲህ ይላል።

ደስ አለን። ለሦስት ዓመት የፈለግነው መንገድ ተገኘ። እኔም አጨበጨብኩ። ጋሽ በለጠ አላጨበጨቡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር።

ፕሮግራሙ ለውይይት የቀረበው ዙሪክ ነው። ጠዋት ከጄኔቫ አብረን በባቡር ተሳፈርን። ፍሪቡር ከተማን ስናልፍ አጠገባችን ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነበር፤ ፊት ገጹ ላይ ያለውን ፎቶ አይተው «የዘንድሮው ፕሬዚዳንት ናቸው» አሉኝ። እኔ አላወቅኳቸውም። «ይህ አገር ፕሬዚዳንቱን በየዓመቱ ይለውጣል፤ ባታውቀው አይፈረድብህም። ስለ አገሩ ዕዳ ግን ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ወስኗል። እኛ ደግሞ የፕሬዚዳንቶቻችንን ፎቶ እናውቃለን፤ ምን እንደፈረሙ አናውቅም» አሉ። እንደ ጨዋታ ነው የሰማኋቸው።

ስብሰባው ዙሪክ ኧርሊኮን ሰፈር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። በሩ ላይ ሰይፉ ትከሻዬን አቅፎ ወደ ጎን አደረገኝ። ጋሽ በለጠ ዛሬ ሊናገሩ ተመዝግበዋል፣ ስለ ፕሬዚዳንቱ የማይሆን ነገር ሊያነሡ ይችላሉ፣ ታመዋል፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል፣ ለእሳቸውም ክብር ሲባል ሰዓቱን ጠበቅ ያድርጉልን አለኝ። እሺ አልኩ። ይህን እሺታ ነው መናዘዝ የምፈልገው።

ሌሎቹ ሲናገሩ እንደ ልማዴ ግማሽ ደቂቃ እየጨመርኩ አሳለፍኩ። ጋሽ በለጠ ተራቸው ደርሶ ተነሡ። ብድር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚጠና፣ ማን እንደሚፈርም በዝግታ አስረዱ። ትንፋሽ ያጥራቸው ስለነበር በየመሐሉ ይቆማሉ። አራት ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ፕሬዚዳንቱ አልፈረሙም የተባለው ልክ አይደለም። አንድ ብድር አለ፤ እኔ...» አሉ። ሰይፉ አየኝ። ሰዓቱ ልክ አምስት ደቂቃ ሞልቶ ነበር። ብርጭቆውን መታሁ።

ይቀጥላሉ ብዬ ነበር። ይቆጡኛል ብዬም ነበር። እሳቸው ግን ብርጭቆውን፣ ከዚያም እኔን አዩ፤ ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች፣ ጋሽ በለጠ «እኔ» ብለው ምን ሊሉ እንደነበረ አልጠየቁም። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው የጄኔቫ ስብሰባ እንዲጸድቅ ተቀጠረ።

ስንመለስ ባቡሩ በርን ደረሰ። እኔ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ለሌሎቹ ስጨምር ለእርስዎ አልጨመርኩም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፤ እኔም ሰዓት አለኝ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም ብለው ተቀመጡ?»

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላው ላይ ሲደርስ ደንብ፣ እኔ ላይ ሲደርስ በደል ልለው ነው?»

ከዚያ ያልጨረሱትን ነገሩኝ። ፕሬዚዳንቱ በሥልጣን ላይ ሳሉ ለአንድ ፋብሪካ የውጭ ብድር ቀርቦ ነበር። አጥኚው ጋሽ በለጠ ናቸው። ቦታው ውሃ የለውም፣ አያዋጣም ብለው ጻፉ። ፕሬዚዳንቱ ቢሯቸው አስጠርተው በትሕትና አናገሯቸው፤ አገር የሚለማው በደፋር ሰው ነው፣ የመምሪያው ኃላፊነት ቦታም ክፍት ነው አሏቸው። ጋሽ በለጠ ወረቀቱን መልሰው ወሰዱ። በሁለተኛው ቀን ያዋጣል የሚል አዲስ ጽፈው አመጡ። ፕሬዚዳንቱ ፈረሙ። ማሽኖቹ መጥተው እንደታሸጉ ሜዳ ላይ ዛጉ። ብድሩን ግን ከእሳቸው በኋላ የመጣው መንግሥት ከፈለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውም ከፈለ።

ለመንኳቸው። እባክዎ ይተዉት፣ የሞተ ሰው ስም ነው፣ የእርስዎም ስም ነው፣ ልጅ አለዎት አልኳቸው። እሳቸው በመስኮት ሐይቁን እያዩ ሎዛን ደረስን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ገቡ። ሳንባቸው ነው። ሰይፉ ይህን ሲሰማ ከዙሪክ ብርቱካን ይዞ መጣ፤ እኔ ከአልጋው ጎን ነበርኩ። ብዙ ጊዜ ስለ ጤና ብቻ ተጨዋወቱ። ሰይፉ የሐኪሙን ስም ጠየቀ፣ ስለ መድኃኒቱ ጠየቀ፣ ትራሱን አስተካከለላቸው። ከዚያ አጎንብሶ፣ ፕሮግራሙ እስኪጸድቅ ድረስ ብቻ ዝም እንዲሉ፣ በኋላ ከፈለጉ በመጽሐፍ እንዲጽፉት ለመናቸው።

«ሐኪሙ በኋላ የሚባል ነገር አልነገረኝም» አሉት።

ሰይፉ እጃቸውን ያዘ። «ጋሼ፣ እኔ አባቴን አላውቀውም። ዙሪክ ስመጣ ተማር ያሉኝ፣ ስወድቅ ያነሡኝ ፕሬዚዳንቱ ናቸው። እሳቸውን ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል? ፓርቲውስ ምን ይቀረዋል?»

ብርቱካኑን ስልጥ የነበርኩት እኔ እጄን አቆምኩ።

«አልወስድብህም፣ ልጄ» አሉት። «ደግነታቸውን ያየኸው አንተ ነህ፤ እሱ ያንተ ነው፣ ማንም አይነካብህም። እኔ የምናገረው ስለ ፊርማቸው ነው። ስለ ፊርማቸው ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ሰይፉ ቆቡን አንሥቶ ተነሣ። ጉልበታቸውን ነክቶ ነው የወጣው። በሩ ላይ ግን ለእኔ የተናገረው ሌላ ነው። ስብሰባው ላይ ከመጡ ደንቡ እንደሚከበር፣ አምስት ደቂቃ አምስት ደቂቃ እንደሆነ አሳሰበኝ። የእሳቸው ትንፋሽ አሁን በአምስት ደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያወጣ ሁለታችንም አይተናል። ያን ሳምንት እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ። አንድ ወዳጄ አለ፣ አንድ ፓርቲ አለ፤ አንዱን ስይዝ ሌላው ሊያመልጠኝ ነው።

የጄኔቫው ስብሰባ ከከተማው ዳር፣ ግራንድ ሳኮኔ፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነበር። ጋሽ በለጠ ከሆስፒታል ለግማሽ ቀን ፈቃድ ወስደው፣ በሰላማዊት መኪና፣ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንደተደረገ መጡ። ሱፍ ልብሳቸው ሰፍቷቸው ነበር። ሰው ተነሥቶ ሰላም አላቸው፤ አንዳንዱ ግን ወንበሩን ሲያስተካክል ቆየ።

ተራቸው ሲደርስ እኔ ቀድሜ ተነሣሁ። ሰው ገርሞት ዞረ፤ ከኋላ አንዱ «ዛሬ ብርጭቆው ራሱ ሊናገር ነው» አለና ሳቁ። የእኔን አምስት ደቂቃ ለጋሽ በለጠ ሰጥቻለሁ፣ ስለዚህ የራሴን ሰዓት ራሴ ልይዝ አይገባኝም አልኩና ማንኪያውንና ብርጭቆውን ለወይዘሮ ብርቄ አስረከብኩ። ወይዘሮ ብርቄ ከቨርሷ ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው፣ በሆቴል ክፍል አስተናጋጅነት ይሠራሉ፣ ለማንም ወገን የማያጋድሉ ሴት ናቸው። ሰይፉ አየኝ። ያን አስተያየቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ቁጣ አልነበረም፤ የተከዳ ሰው አስተያየት ነው። ደንቡ ግን ይፈቅዳል።

ጋሽ በለጠ ተቀምጠው ተናገሩ። የሰማሁትን እንደሰማሁት እጽፋለሁ፤ በየነጥቡ ትንፋሽ አለ።

«ፕሬዚዳንቱን እወዳቸው ነበር። ሲሞቱ አልቅሻለሁ። ብድር ግን ፈርመዋል። እንዲፈርሙ ያደረገው ወረቀት የእኔ ነው። አያዋጣም ብዬ ጽፌ ነበር። መልሼ ቀደድኩት። ያዋጣል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም ሽጉጥ አላሳየኝም። ሹመት ፈልጌ ነው፤ ሹመቱንም አግኝቻለሁ። አሁን እኛ ብቻ ንጹሕ ነን ብለን ከተነሣን፣ ነገ ሥልጣን ብንይዝ ሌላ በለጠ ተቀምጦ ያዋጣል ብሎ ሲጽፍ የሚያቆመው አይኖርም። መንገድ ጠፋን ትላላችሁ። መንገዱ እኛም ነበርንበት ከማለት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላውቀውም፤ እናንተ ታገኙታላችሁ።»

ሰላማዊት በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ይህን ከአባቷ አፍ የሰማችው እንደ እኛው ያን ቀን ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰይፉ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ፕሬዚዳንቱ በሕይወት እያሉ ለምን አልተናገሩም?»

«ፈርቼ» አሉ።

«ከሞቱ በኋላስ?»

«ያኔም ፈርቼ። ፍርሃቱ አሁንም አለ። ጊዜው ነው ያለቀብኝ።»

ድምፅ ተሰጠ። ፕሮግራሙ እንዳለ ጸደቀ። የተቃወምነው ሰባት ነበርን። ጋሽ በለጠ እጃቸውን ሲያነሡ ክንዳቸው ስለደከመ ሰላማዊት መጥታ ክርናቸውን ደገፈች። እሷ አባል አይደለችም፤ እጇም አልተቆጠረም።

ስንወጣ አንድ ሁለት ሰው ባንዳ የሚል ቃል ሲወረውር ሰማሁ። እሳቸውም ሰሙ። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ተሸንፈናል፣ ጋሼ ብላቸው «ድምፁን ተሸነፍን። ነገሩ ግን ተነግሯል፤ ከእንግዲህ አልሰማንም ማለት አይችሉም» አሉኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፉ።

ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ከቀብር መልስ፣ ልቅሶው ቤት ደጃፍ፣ ሰይፉ ቃለ ጉባኤውን ይዞ መጣ። አዎ፣ ከዙሪክ ከመጡት አራት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ አስከሬኑንም ተሸክሟል። ከቃለ ጉባኤው ፈራሚዎች አንዱ ሰዓት ያዡ ስለሆነ ፊርማዬ ያስፈልጋል። እኔ ቶሎ አላነብም፤ ጣቴን እያስከተልኩ ነው። ሰይፉ ቆሞ ጠበቀኝ። የጋሽ በለጠ ስም ያለበት ደረስኩ። «አቶ በለጠ ወንድይፍራው ስለ አገር ዕዳ አጠቃላይ አስተያየት ሰጥተዋል» ይላል። ሌላ የለም።

ይህ እሳቸው ያሉት አይደለም አልኩት። ሰይፉ ዐይኑ ቀልቶ ነበር። «ጋሽ አያሌው፣ ለእሳቸው ብዬ ነው። ሰው ሲሞት ስሙ ይጠበቃል እንጂ እንዲህ አድርጌ ነበር ያለው ይጻፍበታል? ልጃቸው ነገ ታነበዋለች» አለኝ።

ልጃቸው ሰምታለች አልኩት። እሳቸው ስማቸውን እያወቁ ነው የሰጡት፤ እኛ ለማን ነው የምንጠብቀው አልኩት። አልፈርምም ብዬ ወረቀቱን መለስኩለት። በሕይወቴ የቀረበልኝን ወረቀት ሳልፈርም ስመልስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰይፉ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለሰላማዊት እግዜር ያጥናሽ ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ቃለ ጉባኤው ቢተወውም እዚህ ተጽፏል። እኔም ነገ ብሞት፣ ጋሽ በለጠ በግራንድ ሳኮኔ አዳራሽ ምን እንዳሉ የሚፈልግ ሰው እንዲያገኘው ነው።

ጋሼ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር።

በዙሪክ ያደረግኩብዎትን ይቅር ብለውኛል፤ አፍ አውጥተው ባይሉኝም አውቃለሁ። እኔ ግን ለራሴ ገና አላልኩም፤ ጊዜ ይወስዳል።

ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ሰይፉ ነው። ሰላም አለኝ። ከዚያ እንደ ልጅ በቀጭን ድምፅ፣ ጋሼ ያን ቀን የተናገሩትን ቃል በቃል ያስታውሱታል ወይ አለኝ። አስታውሳለሁ አልኩት። «እንግዲያው ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ እየጻፍኩ ነው» አለኝ። ፕሬዚዳንቱን እወዳቸው ነበር ከሚለው ጀመርኩለት። ሲሞቱ አልቅሻለሁ የሚለው ላይ ሲደርስ እንድደግምለት ጠየቀኝ፤ ደገምኩለት። እርስዎ ትንፋሽ በወሰዱበት ቦታ ሁሉ እየቆምኩ እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ሲያበቃ መልሶ አነበበልኝ። አንድም ቃል አላጎደለም፣ ጋሼ።

ጉባኤው ያጽድቀው አያጽድቀው አላውቅም። ፓርቲው ይሰንበት ይበተን አላውቅም። ወረቀቱ ሲመጣልኝ ግን እፈርማለሁ።

ደህና ይረፉ።